የጓሮ ኩሬ ምርጫ

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጓሮ የመዋኛ ገንዳ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር በሀላባና በሶዶ መንገድ ላይ ያለችው ሾኔ ትዝ ትለኛለች። በዚያ አገር በጓሮ የሚቆፈረው ኩሬ ነው፤ እሱም ለዋና ሳይሆን ለጥም።

በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ሲጠብቅ፣ መንግሥት በየገበሬው ጓሮ የዝናብ ውሃ የማቆር ዘመቻ ጀመረ። ኩሬው ፕላስቲክ የተነጠፈበት፣ በሲሚንቶ የተገነባ ወይም በሸክላ አፈር የተለሰነ ነበር። ፕላስቲኩን አይጥና የከብት ኮቴ ይቀደዋል፤ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ በሸክላው ውሃው ይሰርጋል። ክዳን ከሌለውማ ፀሐይ ትጠጣዋለች፦ 8 በ8 ሜትር የሆነ ኩሬ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተንበት 320 ሊትር፣ ማለትም 16 ጀሪካን ውሃ ሄደ ማለት ነው። በተረፈው ላይ የወባ ትንኝ ይራባል፤ አጥር ከሌለው ደግሞ ሕፃን ይገባበታል።

ታዲያ ብዙዎቹ ለምን ደርቀው ቀሩ? ሥራው በኮታ ስለተሠራ ነዋ! ጉድጓዱ ተቆጠረ፤ ባለጓሮው ግን ብዙም አልተጠየቀም። እኔ ብሆን ጠበብ፣ ጠለቅ ያለ፣ የተከደነና የታጠረ እመርጣለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ውሃውን የምትቀዳዋን እናት እጠይቃለሁ።