ላፕቶፑ ስንተኛ ወገን ነው?

ሁለት መኪኖች ተጋጩ እንበል። በሁለቱም የኋላ ወንበር ላይ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ነበር፤ የሁለቱም ስክሪን ተሰባብሯል። ጥፋተኛው ሾፌር ያለው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። የተገጨው ሰውዬ ለላፕቶፑ ካሳ መጠየቅ ይችላል፣ ጥፋተኛው ግን ለራሱ አይችልም። እንደኔ ኮድ እየጻፈ ለሚኖር ሰው ይሄ የፕሮግራም ስህተት ይመስላል። ታሪኩን ስታዩት ግን ታስቦበት የተሠራ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጡት የመንገድ ትራፊክ ሕግ ባለመኪና ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ ሲያስገድዱ፣ ግዴታው የሸፈነው የሌላን ሰው ሞትና የአካል ጉዳት ብቻ ነበር። የተጨፈለቀ ብስክሌት፣ የፈረሰ አጥር፣ የተቀደደ ኮት አይቆጠርም። ንብረት ግዴታው ውስጥ የገባው በአውሮፓ ማኅበረሰብ መመሪያ ግፊት፣ በ1988 መጨረሻ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት! ያኔም ቢሆን ሾፌሩ ራሱ ይዞት የነበረው ዕቃ ውጪ ቀረ። ሕጉ የቆመው ሳይፈልግ ለተገጨ ባዕድ ነዋ፤ የራስህ ቦርሳ የራስህ ጉዳይ ነው።

እኛ ጋ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናን ባለቤት ባያጠፋም እንኳ ተጠያቂ አድርጎታል። ግን ተፈረደልህ ማለት ተከፈለህ ማለት አይደለም፤ ባለመኪናው ምንም ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559 የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። በ2005 በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። እኔን ያስቆመኝ ይህ ሁለተኛው አዋጅ ሲወጣ የነበረው የካሳ ጣሪያ ነው፦ ለሞት ቢበዛ 40,000 ብር፣ ለንብረት ቢበዛ 100,000 ብር። ቀሪውን ከባለመኪናው በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፣ እሱ ካለው። እንግሊዝ ንብረትን ስድስት አስርት ዓመት ያህል ደጅ አስጠናች፤ እኛ ቁጥሩን ስንጽፍ ንብረቱ ሰውዬውን በለጠው። ዛሬ ሥራ የሚያሠራ ደህና ላፕቶፕ በ40,000 ብር አይገኝም።

የራሳችሁን ላፕቶፕ ወደሚመለከተው ውል እንምጣ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 የንብረት ኢንሹራንስ ካሳ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ መብለጥ የለበትም ይላል። ማንም በአደጋ እንዳያተርፍ ነው። አስተውሉ፣ የገዛችሁበት ዋጋ አላለም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ያገለገለ ዕቃ እንኳ አዲስ ከተገዛበት ብር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ገማቹ የድሮውን ደረሰኝ እንደ ጣሪያ ከያዘባችሁ ይቺን አንቀጽ ጥቀሱለት። (ደረሰኝ ካላችሁ ነው እንግዲህ።)

ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ የምትሉ ደግሞ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። እዚያ ላይ «ንብረት» አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ራሱና አብረውት የተገጠሙት ዕቃዎች ናቸው። ላፕቶፑ እንዲካተት ከተፈለገ በስሙና በዋጋው ለብቻው መጻፍ አለበት።