የግሶች ጉርብትና

በካናዳ፣ አልበርታ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በ1920 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የተወለደው ኬኔት አይቨርሰን፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ፣ የሒሳብ አጻጻፍ ሥርዓት አንድነት የጎደለው መሆኑን ተመልክቶ፣ በሰሌዳ ላይ ለማስተማሪያ የሚሆነውን ወጥ የሆነ የምልክት ድርሰት ማበጀት ጀመረ፤ ይህም ድርሰት በ1962 በመጽሐፍ ታትሞ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአይቢኤም ኩባንያ በኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ተደርጎ፣ ኤፒኤል የተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ ሆነ። የቋንቋው ጠባይ የቁጥሮችን ድርድር በሙሉ እንደ አንድ አካል ይዞ ማስላት ነው፤ ደግሞም ማባዛት መደመርን ይቀድማል የሚለውን የተማሪ ቤት ደንብ ሽሮ፣ ሁሉን በእኩል ማዕርግ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል።

አይቨርሰን በስተ እርጅናው ይህን ሥራ እንደ ገና ሲያድሰው፣ የሒሳብን ስያሜ ትቶ የሰዋስውን ስያሜ ያዘ፤ ቁጥሩን ስም፣ በቁጥሩ ላይ የሚሠራውን ግስ፣ ግሱን የሚለውጠውን ተውሳከ ግስ፣ ሁለት ግሶችን የሚያያይዘውን መስተጻምር አለው። ግሶችን ለማጋጠም መስተጻምር ሊኖር ግድ ይመስላል። ነገር ግን ከጎናቸው ስም ሳይኖር በቅንፍ የታጠሩ ግሶች በኤፒኤል ዘንድ እንደ ስሕተት ብቻ ይቆጠሩ ስለ ነበር፣ ቦታው ባዶ ነበረ፤ አይቨርሰንና ባልንጀራው ዩጂን ማክዶኔል በ1989 በኒው ዮርክ ጉባኤ ባቀረቡት ጽሑፍ ለዚህ ባዶ ቦታ ፍቺ ሰጡት። በዚያው ዓመት በጋ አርተር ዊትኒ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጻፈውን የአንድ ገጽ ፕሮግራም ሮጀር ሁዪ መርምሮ፣ ከአይቨርሰን ጋር ጄ የተባለውን ቋንቋ አቆመ።

ሦስት ግሶች በተርታ ሲቆሙ ሹካ ይባላሉ፤ በግራና በቀኝ ዳር ያሉት ቁጥሩን ለየብቻቸው ይቀበሉታል፣ መካከለኛው ግስ የሁለቱን ውጤት ያጋጥማል። ስለዚህ መደመር፣ ማካፈል፣ መቁጠር የሚሉት ሦስቱ በቅንፍ ውስጥ ያለ አንዳች ማያያዣ ተከታትለው ቢጻፉ አማካይ ማለት ነው፤ 2፣ 4 እና 9 ቢቀርቡላቸው፣ ድምሩ 15 ለብዛቱ 3 ተካፍሎ 5 ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ያማረ አጻጻፍ እኔ አላየሁም። ሆኖም ጀማሪው ቅንፉን የረሳ እንደ ሆነ፣ ያው ሦስቱ ግስ በቀጥታ ከቁጥሮቹ ፊት ሲቆም፣ የቀኝ ወደ ግራው ሕግ ይሠለጥንና፣ መቁጠር 3 ይሰጣል፣ በግራው ምንም የሌለው ማካፈል 3ን ወደ ሲሶ ይገለብጠዋል፣ መደመርም ብቻዋን የቀረችውን ሲሶ እንዳለች ይመልሳታል፤ ማሽኑም ስሕተት ሳይል ዝም ይላል።

ሹካው የሒሳብ ሊቃውንት ሁለት ፈንክሽኖችን ሲደምሩ ከጥንት ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነውና የሚያከራክር የለበትም። ክርክሩ በሁለት ግሶች ላይ ነው። ማንም አንባቢ ሁለት ግስ ቢያይ፣ የቀኙ ሠርቶ የግራው በውጤቱ ላይ ይሠራል ብሎ ይጠብቃል፤ ጄ ግን መንጠቆ የሚለውን ሌላ ሥርዓት መረጠ፣ የግራው ግስ ፊተኛውን ቁጥርና የቀኙን ውጤት ባንድነት ይቀበላል። ይህም የዘፈቀደ ፈጠራ አልነበረም፤ በሩስያ ግዛት የተወለደው ሞሰስ ሾንፊንከል በ1924 ባሳተመው የሎጂክ ጽሑፍ፣ ተለዋዋጭ ፊደላትን ከሒሳብ ለማስወገድ መሠረት ካደረጋቸው መካከል አንዱ ይኸው ቅንብር ነው። ምሁራዊ ክብሩን አልክድም፤ ዳሩ ግን ባዶ ቦታን ለዘወትሩ ጉዳይ ከማዋል ይልቅ ለብርቁ ማዋል፣ በእኔ ፍርድ፣ የሊቅ ቅንጦት ነበረ። የባሰው ደግሞ ተርታው ሲረዝም ነው፤ ግሶቹ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆኑ ሁሉ በሹካ ይያያዛል፣ ጥንድ ሲሆኑ ግን በግራ በኩል መንጠቆ ይተርፋል፤ ስለዚህ ከፊት አንዲት ግስ ብትጨመር የሐረጉ ፍቺ በሙሉ ይዞራል።

አይቨርሰን በ2004 ዐረፈ። ከእርሱ ዕረፍት ዐሥር ዓመት በኋላ፣ የኤፒኤልን ቅርስ የያዘው ዳያሎግ የተባለው ኩባንያ ተርታ ግሶችን ወደ ቋንቋው ሲያስገባ፣ ሹካውን እንዳለ ተቀብሎ፣ መንጠቆውን ግን ትቶ፣ ሁለት ግሶችን ሰው ሁሉ እንደሚጠብቀው አቀናበረ፤ ጄን የሠራው ሁዪም በዚያን ጊዜ በዚያው ኩባንያ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ዛሬ መቀነስንና ወደ ታች ማጠጋጋትን በቅንፍ አጣምሮ 3.75ን የሚያቀርብላቸው ሰው፣ በጄ ከቁጥሩ ላይ 3 ተቀንሶ 0.75ን ያገኛል፣ በዳያሎግ ደግሞ የ3ን ተቃራኒ፣ −3ን፤ ሁለቱም መልሳቸውን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ።