የቃል ማብራሪያ፦ «ጫና ማቅለል» እና «ጫና ማንሳት»

ዲስክህ ተንሸራቷል የተባለን ሰው አንዱ «ቀዶ ጥገና ምን ያደርግልሃል? ዲኮምፕሬሽን ተደረግ» ይለዋል። ያው ሰው ሆስፒታል ሲገባ ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ «ዲኮምፕሬሽን ያስፈልግሃል» ይሉታል። ሁለቱ ያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ቀበቶ ታስሮ የሚተኛበትን አልጋ ሲል፣ ሁለተኛው የቀዶ ጥገና ክፍልን ነው። «ስፓይናል ዲኮምፕሬሽን» የሚለው የውጭ ስም ሁለቱንም ስለሚጠቀልል፣ በአማርኛ ሁለት ስም ይገባቸዋል እላለሁ፦ ለአልጋው «የአከርካሪ ጫና ማቅለል»፣ ለቀዶ ጥገናው «ከነርቭ ላይ ጫና ማንሳት»።

«ጫና»ን የመረጥኩት እንጦጦ ላይ ትርጉሙ በዓይን ስለሚታይ ነው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምድጃ ያነደዱ ናቸው። የባሕር ዛፉ እስር ከተሸካሚዋ ቁመት ይረዝማል። ወገቧ ላይ አግድም ይጋደምና ገመዱ በትከሻዋና በደረቷ ዞሮ ይታሰራል፤ እሷም ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይጥላት ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል።

ይህ አቋም አከርካሪ ላይ ምን እንደሚያደርግ የለኩ ሰው አሉ። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኸምሶን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መርፌ ዲስክ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን መዘገቡ። በጀርባ መተኛት ግፊቱን ቆሞ ከነበረው ወደ ሩብ ያህል ያወርደዋል። 20 ኪሎ ይዞ ማጎንበስ ግን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ዲስክ ማለት በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለች ትራስ ናት፤ ዙሪያዋ ጠንካራ ቀለበት፣ መሐሏ ውኃ የበዛበት ለስላሳ አካል። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ የመሐሉ አካል ይወጣና አጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይነካል፤ ያኔ ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በታፋ በኩል እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። «ተንሸራተተ» የምንለው በልማድ ነው እንጂ ዲስኩ ከቦታው አይሄድም።

አልጋው ታዲያ ምን ያደርጋል? ታካሚው ይተኛል፤ አንድ ቀበቶ ከደረቱ ግርጌ፣ ሌላ ቀበቶ ዳሌው ላይ ይታሰራል፤ ሞተሩ ቀስ እያለ ይስባል፣ ጥቂት ይይዛል፣ ይለቃል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሳምንታት ውስጥ 20 ጊዜ ያህል ሊደጋገም ይችላል። አከርካሪን መሳብ ከግሪኩ ሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው አልጋ የተስፋፋው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። በውጭ አገር ይህን ሕክምና በብዛት የሚሰጡት የካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች ናቸው። ካይሮፕራክቲክ በ1895 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የጀመረው፣ በእጅ አከርካሪን የማስተካከል ሙያ ነው። አንዳንዶች «ወጌሻ» ብለው ይተረጉሙታል፤ እኔ አልስማማም። ወጌሻ በዋናነት ስብራትና ውልቃት የሚያክም፣ ከቤተሰብ የወረሰው የራሱ ሙያ ያለው የአገራችን ሰው ነው፤ የካይሮፕራክቲክ ባለሙያ ደግሞ በኮሌጅ ተምሮ ፈቃድ የሚያወጣ። ስሙን እንዳለ መውሰድ ለሁለቱም ክብር ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። የቀዶ ጥገናው ዲኮምፕሬሽን የአጥንቱን ቅስት ቆርጦ ወይም የወጣውን የዲስክ ክፍል አውጥቶ ነርቩን ነፃ ያደርጋል፤ ጫናው በርግጥም ይነሣል። አልጋው ግን የሚያቀለው ለጊዜው ነው፤ ታካሚው ሲነሣ ክብደቱ ይመለሳል። ስሙ አንድ ሲሆን ታካሚው ውጤቱም አንድ ይመስለዋል፤ ገንዘቡንም የሚከፍለው በዚያ እምነት ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት በ32 ጥናቶች የተሳተፉ ከ2,700 በላይ ሰዎችን ውጤት ሰብስቦ ሲያይ፣ ወገብን መሳብ በሕመምና በሥራ አቅም ላይ ያመጣው ለውጥ እጅግ ትንሽ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ሆኖ አግኝቶታል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ለወገብ ሕመም እንዳይሰጥ አሳስቧል።

ይህ ማለት ግን ዲስክ የወጣበት ሁሉ ቢላ ሥር ይግባ ማለት አይደለም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተካሄደ ታላቅ ጥናት ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ጽኑ ሕመም ያለባቸውን 283 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን ቶሎ ቀዶ ጥገና አደረገላቸው፤ ሌሎቹን እንዲጠብቁ አደረገ። ቀዶ ጥገናው ሕመሙን ፈጥኖ አስታገሠ። ዓመት ሲሞላ ግን ሁለቱም ወገን እኩል ድነው ተገኙ፤ ከጠባቂዎቹ ደግሞ ከአሥሩ ስድስቱ ያህል ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋቸው ቀረ። የወጣውን የዲስክ ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊመጠው ይችላልና። ስለዚህ ለብዙ ሰው የቀዶ ጥገና እውነተኛ አማራጭ አልጋው ሳይሆን ጊዜ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ አልጋ ላይ አለመዋልና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ ነው። አልጋው የሚያስተኛቸውና ቀለል የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ በዚህ አልጣላም። «ከቀዶ ጥገና ያድናል» ተብሎ ሲሸጥ ግን እቃወማለሁ።

መጠበቅ የማይገባበት ጊዜም አለ። ሽንት እንቢ ካለ ወይም ሰገራ ካመለጠ፣ በመቀመጫና በጭኖች መካከል ያለው ስፍራ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ጫና ማንሳት እንጂ ማቅለል አይበቃም። ለዚህ የሚሆኑ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ግን ቁጥራቸው ጨምሯል።

በኢትዮጵያ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ የአከርካሪ ቲቢ። እሱም የሚጀምረው በወገብ ወይም በጀርባ ሕመም ነው፤ አጥንቱን እየበላ ያሳሳዋል። ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው፣ ክብደቱ የቀነሰ የወገብ ሕመምተኛ ምርመራ ሳያደርግና ምስል ሳይነሣ አልጋው ላይ አይታሰር፤ ጀርባውንም ማንም እንዲያሸው ወይም እንዲጫነው አይፍቀድ።