ብሔር በስሜት ቁስል ሕክምና (ዳባት)

በጥቃት የተጎዳ ሰው ሲታከም የባለሙያው፣ የአስተርጓሚውና የታካሚው ማንነት በመተማመን ላይ ያለው ሚና። በዳባት ወረዳ ጭና፣ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች 26 ሲቪሎችን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ዳባት፣ ዓለምዋጭ መጠለያ፣ ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሓሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ገቡ። ትግርኛ ለአንዱ ጎረቤት የገዳዮቹ፣ ለሌላው የእናቱ ቋንቋ ሆነ፤ አስተርጓሚ ሲመደብ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የወገን ሰው ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም፦ የተደፈረች ሴት ወሬው መንደር እንዳይደርስ ስትል ከሩቅ የመጣች ባለሙያ ልትመርጥ ትችላለች። ሕመሙም የሚነገረው በአካል ነው፦ «ልቤ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ»። ብዙዎች ከጤና ጣቢያ በፊት ጸበል ይሄዳሉ፤ የንስሐ አባትን የማያማክር ሕክምና እዚህ ሩቅ አይሄድም።