የአንጀት መዘጋት ታሪክ፤ ከእንጦጦ ቁልቁለት እስከ ቀበና

ከእንጦጦ ተራራ ጫፍ እስከ ቀበና ወንዝ ያለው ቁልቁለት ዛሬ በመኪና የጥቂት ደቂቃዎች መንገድ ነው። ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ብርዳም ተራራ ላይ በከተሙ ጊዜ ግን የታመመ ሰው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄደው በሰው ትከሻ፥ በቃሬዛ ነበር። ቢወርድም ግርጌው ላይ የሚቀበለው ሐኪም ቤት አልነበረም። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንጀቱ የተጠማዘዘበት ሰው ዕጣው ምን እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የአገራችን የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ወረርሽኝ ነው። ፈንጣጣው ይነገራል፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታም ስሙን ለወሩ አትሞ ቀርቷል። የአንጀት መዘጋት ግን ሰውን አንድ በአንድ እየለየ የሚገድል ደዌ ስለ ሆነ የዘመን መጠሪያ ሊሆን አልቻለም። አልቃሾቹም ቢሆኑ «ቁርጠት ገደለው» ወይም «መጋኛ መታው» ከማለት በቀር የሚሰጡት ስም አልነበራቸውም። «አንጀቱ ተቋጠረ» የሚለው አነጋገር ብቻ ከነገሩ ሥር ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል።

ያ ስም የለሽ ቁርጠት ሲመጣ ለሆድ ሕመም የታወቀው መድኃኒት ኮሶ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትልን ለማስወጣት በየጊዜው ኮሶ መጠጣት የመኳንንቱም የጭሰኛውም ልማድ ሆኖ ኖሯል፤ ለትሉም በእርግጥ ይሠራ ነበር። አንጀት በተዘጋ ጊዜ ግን የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት መውጫው በተዘጋ ቧንቧ ላይ ፓምፕ እንደ መክፈት ነው፤ ግፊቱ ይጨምራል እንጂ መንገዱ አይከፈትም። ሆድ ማሸትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እነዚህን ያዘዙ አባቶች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም፤ ከቆዳ በታች ያለውን ማየት የሚያስችል መሣሪያ ስላልነበራቸው፥ ለመቶ ሆድ የጠቀመውን ለመቶ አንደኛውም ሰጡ።

የነገሩ አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። አንጀት ውስጡ ምግብ፥ ፈሳሽና ጋዝ የሚጓዝበት ቱቦ ሲሆን፥ ከጀርባ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ደግሞ የደም ሥሮቹን ይዟል። ቱቦው በጠባሳ ወይም በዕጢ ሲጠብ፥ ወይም በቡአ ቀዳዳ ሲያዝ ከበላይ ያለው ክፍል ይነፋል፤ ሰውዬው ያስታውካል፤ ውኃውና ጨው ከደሙ እየወጣ በአንጀቱ ውስጥ ይጠራቀማል። አንጀት በራሱ ዙሪያ ሲጠማዘዝ ግን ነገሩ ይከፋል። ሁለቱም ጫፍ ስለሚዘጋ ጋዙ መተንፈሻ አያገኝም፤ የደም ሥሮቹም አብረው ይታነቃሉ። በቦይለር ግድግዳ ላይ እንደሚታየው፥ በእኩል ግፊት ሥር ሰፊው ቱቦ ከጠባቡ የበለጠ ስለሚወጠር፥ ትልቁ አንጀት ሲዘጋ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚፈነዳው በጣም ሰፊ የሆነው መነሻው ነው። ደም የተቋረጠበት አንጀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ለእነዚህ ሰዓታት ዋጋ የሚሰጥ ተቋም ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመረው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በዚያው በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ደረሱ፤ ያቋቋሙት ሆስፒታልም እስከ 1898 ዓ.ም. ገደማ አገልግሏል። ከዚያም በ1902 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ነው። ሆስፒታል መኖሩ ብቻውን ግን አንጀትን አያድንም። ሆድ ከፍቶ የሚሠራ ሐኪም፥ ማደንዘዣ፥ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፥ ኋላም የራጅ መሣሪያ ያስፈልጋል። አገሪቱ የራሷን ሐኪሞች ማስተማር የጀመረችው ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ፥ ማለት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን የታየው ነገር ትኩረት የሚስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ጥናት አወጣ። በኤውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ አንጀትን በብዛት የሚዘጋው ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የተረፈ ጠባሳ ነው። በኢትዮጵያ ግን በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች መጠማዘዝን በቀዳሚነት አግኝተውታል። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ ጠባሳ የሚኖረው አስቀድሞ ሆዱ የተከፈተ ሰው ሲኖር ነው። ቀዶ ሕክምና ባልተስፋፋበት አገር ጠባሳውም አይበዛም፤ የጠባሳው ቁጥር ከፍ ማለት እንግዲህ፥ ቢያሳዝንም፥ የሆስፒታሎች መስፋፋት ምልክት ነው።

የደጋው ሰው አንጀት ለምን እንደሚጠማዘዝ ብዙ ተብሏል። ገለባው የበዛ እህል አንጀትን እያስረዘመ ያሰፋዋል የሚሉ አሉ። በአንዲስ ተራሮች የሚሠሩ የደቡብ አሜሪካ ሐኪሞች ደግሞ ይህንኑ በሽታ በከፍተኛ ቦታ ነዋሪዎች ላይ አብዝተው ስላዩት ከፍታውን ጠርጥረዋል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ጋዝ በዚያው መጠን ይሰፋል። ለእንጦጦ ነዋሪ ይህ ባዕድ ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ የአፍጋኒስታን ጥናት የትንሹን አንጀት መጠማዘዝ ከረመዳን ጾም ጋር አያይዞታል፤ ቀኑን ባዶ በዋለ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባ ማለት ነው። ረዥም ጾም በሚጾምበት በእኛም አገር ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ብቻውን ሁሉን አይገልጽም።

የሕክምናው ታሪክ የቱቦ ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሚኒሶታው ቀዳጅ ሐኪም ኦወን ዋንገንስቲን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፍንጫ በኩል ቱቦ ወደ ሆድ አስገብቶ የተጠራቀመውን በመምጠጥ ብዙ ሕይወት አተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ የኖርዌዩ ብሩስጎርድ የተጠማዘዘውን ትልቅ አንጀት በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቱቦ ማስተንፈስ እንደሚቻል በሰፊው አሳየ። ጋዙ ሲወጣ አንጀቱ ራሱ ይፈታል። ይሁን እንጂ የተፈታው ተመልሶ ሊጠማዘዝ ስለሚችል በኋላ የረዘመውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይመከራል። አንጀቱ ከሞተ ደግሞ ቱቦ አይጠቅምም፤ ያኔ ያለ ቀዶ ሕክምና መዳኛ የለም።

ስለዚህ የአንጀት መዘጋት ታሪክ፥ ቢላዋውና ራጁ ከመጡ በኋላ፥ በአብዛኛው የመዘግየት ታሪክ ሆነ። ሕመሙ ሲጀምር እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ነው፤ ፋታ ስለሚሰጥ ያታልላል። ቀጥሎ ትውከቱ ከምግብ ወደ አረንጓዴ ሐሞት ይለወጣል፤ ሆድ ይነፋል፤ ዓይነ ምድርም ጋዝም ይቀራል። እነዚህ በአንድነት ሲታዩ እህልም፥ ውኃም፥ ኮሶም፥ የሚያስቀምጥ ክኒንም ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል፤ ሌሊት ቢሆንም። ቁርጠቱ ፋታ አጥቶ የማያቋርጥ ሕመም ከሆነ፥ ትኩሳት ከተነሣ፥ የልብ ምት ከፈጠነ ወይም ሆድ እንደ እንጨት ከደረቀ አንጀቱ መታነቁን ያመለክታል። ጠበል መጠመቅ ለሚሻም ቢሆን ጠበሉ የሐኪሙን ሰዓት መሻማት የለበትም፤ በእንጦጦ ደብሮችና በሆስፒታሉ መካከል ያለው መንገድ ለሁለቱም ይበቃል።

ከከተማ ርቀው በመንገድና በግድብ ሥራ ላይ የሚሰፍሩ ባልደረቦች ግን በየካ ያለው ቅርበት የላቸውም። እዚያ አንዱ ሠራተኛ በሌሊት ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ መኪናውን ለማስነሣት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን የጣቢያው ኀላፊ ነው። ከበሽተኛው ጋር የሚሄደውም ሰው ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ፤ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ፥ ትውከቱ ምን ይመስል እንደ ነበር፥ ቀድሞ ሆዱ ተከፍቶ እንደ ሆነ፥ ለመጨረሻ ጊዜም ጋዝ ያለፈው መቼ እንደ ነበር። ተረኛው ሐኪም በር ላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።