ርካሽ ጄት፣ ውድ ጥገና፦ ከፖቴዝ እስከ ኤክሊፕስ

በሰቆጣ ገበያ በቅሎ የሚያውቅ ሰው ዋጋ የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ኮቴዋን ያነሣል። ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ቁስል እንዳለ በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ "ከማን ገዛሃት?" ይላል። ተረቱም "በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" ይላል። ስለ አባቷ የማትናገር በቅሎ ታጠራጥራለች።

ይህ ጥንቃቄ አውሮፕላን ሲገዛ ይረሳል። ዛሬ በዓለም ገበያ "በጣም ቀላል ጄት" የሚባሉ፣ ባንድ አብራሪ የሚበሩና ጥቂት ሰው የሚጭኑ ያገለገሉ አውሮፕላኖች ይሸጣሉ። ዋጋቸው ከአዲሱ እጅግ ስለሚወርድ ያጓጓሉ። እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ገደላማ አገር በሽተኛ ይዞ ሰዓታት የተጓዘ ሰው ደግሞ "አንዲት ትንሽ ጄት ብትኖር" ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም የኢትዮጵያ የአቪዬሽን ታሪክ ለዚህ ምኞት ሁለት ትምህርት አለው፤ አንዱ የኪሳራ፣ ሌላው የስኬት።

የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንችም ጦርነት አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ሲያንዣብብ የአዲሱ መሣሪያ ኃይል ታየ። አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍም አብራሪ ሆነው ወጡ።

ችግሩ የመጣው ከአገዛዙ ነው። ፖቴዝ፣ ዩንከርስ፣ ፊያት፣ ደ ሃቪላንድ፣ ፎከር፣ ቢችክራፍት ከየአገሩ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። የያንዳንዱ ሞተር ሌላ፣ መለዋወጫው ሌላ፣ የሚያውቀው መካኒክም ሌላ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም አልበለጡም፤ ከነሱም ሁሉም መብረር የሚችሉ አልነበሩም። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከዋግ አጠገብ ኮረም ላይ የቆመው የቀይ መስቀል አውሮፕላን በጣልያን ቦምብ ሲጋይ፣ የሚተካው ሌላ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ሁለተኛው ትምህርት ከነፃነት በኋላ ይመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የገዛው አዲስ አውሮፕላን አልነበረም። ጦርነቱ ሲያበቃ ካይሮ ላይ የተረፉ፣ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት የነበሩ አምስት ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ። ወታደርና ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው፤ መቀመጫቸውም በጎንና በጎን የተዘረጋ አግዳሚ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ በረሩ።

ያገለገለ ዕቃ ያኔ ለምን ሠራ? አንደኛ፣ የሲ-47 ቤተሰብ ከ10,000 በላይ ሆኖ ስለተመረተ መለዋወጫውም መካኒኩም በየአገሩ ነበር። ሁለተኛ፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሦስተኛ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር ሰውም ተገዛ፤ የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. በውል አብራሪዎችን፣ ቴክኒሽያኖችንና አስተዳዳሪዎችን ሰጠ። ሙያው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን ተላለፈ። አራተኛ፣ አውሮፕላኑ ለአገሩ ይስማማ ነበር፤ ሣር ሜዳ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የአሜሪካው ኤክሊፕስ አቪዬሽን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ጄት እሸጣለሁ ብሎ ተነሣ። ኤክሊፕስ 500 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የብቃት ማረጋገጫ አገኘ፤ ዋጋው ግን እየናረ ሄደ። የመጀመሪያዎቹም አንዳንድ መሣሪያቸው ሳይሟላ ለገዢ ተሰጡ። በነዚህ ጄቶች የታክሲ አገልግሎት የጀመረው ዴይጄት በመስከረም 2008 ሥራ አቆመ፤ ኤክሊፕስም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኪሳራ አወጀ። ወደ 260 ገደማ አውሮፕላኖች ወላጅ አጥተው ቀሩ። ቀብድ የከፈሉ ብዙዎች ገንዘባቸው ጠፋ። የኩባንያው ወራሽም ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ከሰረ።

ስለዚህ ያገለገለ ቀላል ጄት የሚያይ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። አምራቹ አለ ወይ? ከዚህ ዓይነት ስንት ይበራሉ? የጥገና መዝገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው ወይ? ሞተሮቹ እስከ ቀጣዩ እድሳት ስንት ሰዓት ቀራቸው? የሞተር እንክብካቤ ውል ከነበረ ሻጩ ክፍያውን ሳያቋርጥ ከፍሏል ወይ? አውሮፕላኑ ለባንክ ዕዳ ተይዟል ወይ? ፍተሻውን የሚያደርገውም የሻጩ ጋራዥ ሳይሆን ገዢው የመረጠው ባለሙያ መሆን አለበት። የጄት አብራሪም ለዚያው ዓይነት አውሮፕላን የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የደጋው ጥያቄ ደግሞ ለብቻው ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፍም በቀላሉ አያነሣም፤ የቀን ሙቀት ሲጨመርበት የመነሻው ርቀት ይረዝማል፣ የሚጫነው ሰው ይቀንሳል። በሻጩ ወረቀት ላይ ያለው የመነሻ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ዳርቻ የተሰላ ነው። ትንሽ ጄት አስፋልትም ትፈልጋለች፤ ከጠጠር ሜዳ የሚነሣ ድንጋይ ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ያበላሻል። ሲ-47 የሚያርፍበት ሜዳ ለሷ አይሆንም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች ያስገባው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ እነዚያ ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች አዲስ ነበሩ። ከዚያ በፊት 16 ዓመት በፕሮፔለር አውሮፕላኖች መካኒክ፣ ጋራዥና ልምድ ሲያካብት ቆይቷል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠግን እጅ፣ ቀጥሎ የሚበር ብረት።

ለዋግ በሽተኛ የሚደርስ አውሮፕላን ይገዛ ከተባለም ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዋጋ ሳይሆን ከማረፊያው ሜዳ፣ ከመለዋወጫውና ከጠጋኙ ነው። ጥርሷን ሳያይ በቅሎ የገዛ ሰው ቢበዛ በእግሩ ይመለሳል፤ ሰማይ ላይ ግን በእግር መመለስ የለም።