በቺፕ ላይ የተጻፈ ሰነድ፤ የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ባዮስ እንዴት እየተለወጠ እንደ ኖረ

ሰነድ በተባለ ጊዜ ለታሪክ ተማሪ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ብራና ወይም ወረቀት ነው። ነገር ግን ባለፈው ምእተ ዓመት መጨረሻ የሰው ልጅ ብዙ ጽሑፍ በሲሊኮን ላይ ጽፏል። ይህም ጽሑፍ እንደ ብራናው ሁሉ ይገለበጣል፣ ይታረማል፣ ይፋቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ያረመው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። የዚህ አጭር ጥናት ዐላማ በአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሮች ውስጥ ባዮስ የሚባለውን ፕሮግራም የያዙት ቺፖች በእነማንና በምን ምክንያት እንደ ተለወጡ መግለጽ፣ ለውጡም ለታሪክ መርማሪ የሚያመጣውን ችግር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተር በተከፈተ ጊዜ የሥራ ሜሞሪው ባዶ ነው። ስለዚህ ኀይል ሲቋረጥ የማይጠፋ፣ ዕቃዎቹን የሚመረምርና ዋናውን ፕሮግራም ከዲስክ የሚያመጣ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። በኦገስት 12 ቀን 1981 ለሕዝብ የተገለጠው የአይ.ቢ.ኤም. ሞዴል 5150 ይህን ፕሮግራም ባለ 8 ኪሎባይት በሆነ አንድ ቺፕ ይዞ ነበር። በአጠገቡም የማይክሮሶፍትን ቤዚክ የያዙ አራት ቺፖች ነበሩ፤ እነዚህም በድምሩ 32 ኪሎባይት ናቸው። ቺፖቹ በሶኬት ላይ የተሰኩ ስለ ነበሩ ያለ ብየዳ ይነቀላሉ። ኩባንያው ከዚህ ሌላ የባዮሱን ፕሮግራም በሙሉ፣ ከነማብራሪያው፣ በቴክኒክ መመሪያው መጽሐፍ አሳትሞ አወጣ። እንግዲህ ሶኬቱ ቺፑን ለማንሣት፣ መጽሐፉ ደግሞ በውስጡ ያለውን ለመረዳት በር ከፈቱ። ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው ለማለት ይቻላል።

ቺፑን መጀመሪያ የለወጠው ግን ሠሪው ራሱ ነው። የ5150 ባዮስ ሦስት እትሞች ያሉት ሲሆን በውስጣቸው የተጻፉት ቀኖች ኤፕሪል 24 ቀን 1981፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1981 እና ኦክቶበር 27 ቀን 1982 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ544 ኪሎባይት የሚበልጥ ሜሞሪ አይቈጥሩም፤ በተጨማሪ ካርድ ላይ ያለውንም ቺፕ ፈልገው አያነቡም። የሃርድ ዲስክ መቈጣጠሪያ ካርድ ደግሞ ፕሮግራሙን የሚይዘው በራሱ ቺፕ ላይ ነው፤ ስለዚህ የፊተኛው ባዮስ ያለው ኮምፒዩተር ከሃርድ ዲስክ ሊነሣ አልቻለም። ሦስተኛው እትም ሁለቱንም ጉድለት አስወገደ። ኩባንያውም አዲሱን ቺፕ ለብቻው ስለ ሸጠ፣ በ1981 የተሠራ ኮምፒዩተር በሆዱ የ1982ን ባዮስ ይዞ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ባለቤቱ በራሱ እጅ ለመለወጥ የቻለው በሌላ ዐይነት ቺፕ ነው። የፋብሪካው ቺፕ ጽሑፉ በሚሠራበት ጊዜ አብሮ የሚቀረጽበት በመሆኑ እንደ ገና አይጻፍበትም። ዶቭ ፍሮማን በ1971 በኢንቴል ኩባንያ የፈለሰፈው ኢፕሮም ግን ተፍቆ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ኢፕሮም፣ 1702 የተባለው፣ የሚይዘው 256 ባይት ብቻ ነበር። በላዩ ላይ የኳርትዝ መስኮት አለው፤ ከተለመደው ከፍ ባለ ቮልት ይጻፍበታል፤ በመስኮቱ በኩል አልትራቫዮሌት ብርሃን ለ20 ደቂቃ ያህል ሲያርፍበት ጽሑፉ በሙሉ ይጠፋል።

ሥራው በሚከተለው ሁኔታ ይፈጸማል። በመጀመሪያ የፋብሪካው ቺፕ ተነብቦ ቅጂው በዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ቅጂው ይታረማል፤ የታረመውም በኢፕሮም ላይ ተጽፎ በሶኬቱ ይሰካል። የ5150 ሶኬት 24 እግር ለአለው ቺፕ የተሠራ ሲሆን 2764 የሚባለው የተለመደ ኢፕሮም 28 እግር ስለ አለው መካከለኛ ማገናኛ ያሻዋል። ከዚህም በላይ ባዮሱ ራሱን ይመረምራል። በቺፑ ያሉት ባይቶች ሁሉ ተደምረው ድምሩ ለ256 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ አንዱን ባይት በ3 የጨመረ ሰው ሥራ የሌለውን ሌላ ባይት በ3 መቀነስ ይገባዋል። ይህ ደንብ የተሠራው የተበላሸ ቺፕን ለማወቅ ነው እንጂ አራሚን ለመከልከል አይደለም፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ሁሉ ያልፈዋል።

እንዲህ ያለው እርማት በተለይ ያስፈለገው በኦገስት 1984 ለወጣው ለኤ.ቲ. ነው። የኤ.ቲ. ባዮስ የሚያውቃቸውን የሃርድ ዲስክ ዐይነቶች በሠንጠረዥ ይዟል፤ በመጀመሪያው እትም የተመዘገቡት 14 ብቻ ነበሩ። ከሠንጠረዡ ውጭ የሆነ ዲስክ የገዛ ሰው ከዲስኩ ከፊሉን ሳይጠቀምበት መተው፣ ወይም ሌላ ረዳት ፕሮግራም መፈለግ፣ ወይም ሠንጠረዡን ማረም ነበረበት። የሚያርመው ሰው ሌላም ሥራ ይጠብቀው ነበር። የኤ.ቲ. ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ 16 ቢት ስለሚያነብ ባዮሱ በሁለት ቺፖች ተከፍሎ፣ ሙሉ ቍጥር አድራሻ ያላቸው ባይቶች በአንዱ፣ ጎደሎዎቹ በሌላው ተጽፈዋል። ስለዚህ ሁለቱን አዋሕዶ ማረም፣ ድምሩን ማስተካከል፣ መልሶም መክፈል ግድ ነው።

በዚሁ በኤ.ቲ. ላይ የሠሪውና የባለቤቱ ፈቃድ ሲጋጭ እናያለን። ኮምፒዩተሩ በ6 ሜጋኸርዝ ይሠራ ዘንድ 12 ሜጋኸርዝ የሆነ ክሪስታል ተሰክቶበት ነበር፤ ብዙ ሰዎች ይህን በ16 እየለወጡ 8 ሜጋኸርዝ አገኙ። ኩባንያው ግን ከዚያ በኋላ በወጣው ባዮስ ፍጥነቱን የሚለካና ከተፈቀደው በልጦ ሲያገኘው የሚያቆም ምርመራ ጨመረበት። በዚህ ጊዜ ባዮስ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ የሠሪው ዘበኛ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። ፍራንክሊን የሚባለው ኩባንያ የአፕልን ፕሮግራሞች ቀድቶ ተመሳሳይ ኮምፒዩተር በሠራ ጊዜ፣ የአሜሪካ ሦስተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1983 በቺፕ ላይ ያለ ፕሮግራምም እንደ ሌላው ድርሰት በሕግ የሚጠበቅ መሆኑን ወሰነ። ኮምፓክና ፊኒክስ የአይ.ቢ.ኤም.ን ባዮስ አልቀዱም፤ ሥራውን ብቻ የሚገልጽ ማስታወሻ አዘጋጅተው፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ባላዩ ሰዎች አዲስ ባዮስ አስጻፉ። እንግዲህ የታተመው መጽሐፍ ለማንበብ የተፈቀደ፣ ለመገልበጥ ግን የተከለከለ ነበር።

በ1990ዎቹ ዓመታት በኤሌክትሪክ የሚፋቀው ፍላሽ የኢፕሮምን ቦታ ወሰደ። ቺፑን ሳይነቅሉ በፕሮግራም ብቻ መለወጥ ተቻለ፤ ነገር ግን ለባለቤቱ የቀለለው ለክፉ አድራጊም ቀለለ። ሲ.አይ.ኤች. የተባለው ቫይረስ በኤፕሪል 26 ቀን 1999 መጻፍ ባልተከለከለባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ባዮሱን አጥፍቶ እንዳይነሡ አድርጓል።

አሁን ወደ ታሪክ መርማሪው ጕዳይ እንመለስ። ፕሮሰሰሩ ኀይል ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያነበው ከመጀመሪያው አንድ ሜጋባይት መጨረሻ 16 ባይቶችን ነው፤ በዚያም ከትእዛዙ ቀጥሎ ስምንት ፊደል ርዝመት ያለው የባዮሱ ቀን ተጽፏል። ይህ ቀን በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ጸሓፊው ዘመኑን እንደሚያመለክትበት ጽሑፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ፕሮግራሞች የኮምፒዩተሩን ዐይነት ከዚህ ቀን ስለሚያውቁ፣ አራሚው ሌላውን ለውጦ ቀኑን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ድምሩም ተስተካክሏልና ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም። ስለዚህ ቀኑን ብቻ አይቶ ቺፑ የፋብሪካ ነው የሚል መርማሪ ይሳሳታል፤ ባይቱን ከባይት ጋር፣ ከታተመው መጽሐፍም ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል።

ጊዜም ራሱ ይፍቃል። የኢንቴል መግለጫ እንደሚለው መስኮቱ ያልተሸፈነ ኢፕሮም በቀጥታ የፀሐይ ብርሃን በአንድ ሳምንት ያህል፣ በፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሦስት ዓመት ያህል ሊጠፋ ይችላል። በላዩ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ስም ለመጻፍ ብቻ ሳትሆን ጽሑፉን ለመጠበቅ ናት፤ እርሷን መላጥ ሰነዱን ለብርሃን መስጠት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው አሮጌ ኮምፒዩተር ፈጽሞ መነካት የለበትም ይላሉ። ይህን ሐሳብ ለመቀበል ያስቸግራል። ዛሬ ሃርድ ዲስካቸው የተበላሸ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት ኤክስ.ቲ.-አይ.ዲ.ኢ. ዩኒቨርሳል ባዮስ የሚባል ፕሮግራም በተጨማሪ ካርድ ላይ ተጽፎላቸው፣ በኮምፓክት ፍላሽ ካርድ እየተነሡ ነው። ደግሞም የለውጡ ታሪክ የኮምፒዩተሩ ታሪክ ክፍል ነው፤ በ1985 ሠንጠረዡን ያረመ ሰው ቺፕ ስለ ዘመኑ ችግር የሚነግረን ነገር ከፋብሪካው ቺፕ አያንስም።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ መለወጡ ሳይሆን ምስክር ሳያስቀሩ መለወጡ ነው። አራሚ ሁሉ አስቀድሞ የነበረውን አንብቦ ቅጂውን ያኑር፤ የፋብሪካውን ቺፕ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያስቀምጥ፤ ምን እንደ ለወጠ፣ ለምንና መቼ እንደ ለወጠ ይጻፍ። ይህ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ካልተደረገ ግን ከኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ቀኑን አንብቦ ያምናል፤ ቀኑም ያታልለዋል።